ዋንጫው ይቅር፣ ልጆቹን አትንኩብን

ግላስጎው ውስጥ በምኖርበት ሰፈር ያለው የባግፓይፕ ባንድ ሰሞኑን ለሁለት ተከፍሎ ይጨቃጨቃል። ጉዳዩ የውድድር ደረጃ ነው። አንዱ ወገን «ዕድሜ ልካችንን ደረጃ አራት ላይ ተወዝፈን ልንቀር ነው ወይ? ከሌላ ባንድ የበሰሉ ነፊዎች እናምጣና ወደ ሦስተኛ እንውጣ» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «እነሱ ሲመጡ የእኛ ልጆች የት ሊቆሙ ነው?» ባይ ነው። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ይህን የምጽፈውም ለማስታረቅ ሳይሆን ለመከራከር ነው።

ባግፓይፕ አልነፋም። ቀን ቀን አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሐሙስ ማታ ልጄን ወደ ልምምድ አደርሳለሁ፣ ከበሮ እሸከማለሁ፣ ሻይ አፈላለሁ። ድሮ ግን አገር ቤት በጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ክላሪኔት ስነፋ ኖሬያለሁና ባንድን ምን እንደሚያቆመው፣ ምን እንደሚያፈርሰው ጥቂት የምለው አለኝ።

መሣሪያውን በፊልምና በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ብቻ ላየ አንባቢ አሠራሩን ላስረዳ። ነፊው በብብቱ ሥር ስልቻ ያቅፋል። ስልቻው ድሮ የበግ ቆዳ ነበር፤ አሁን ከሰው ሠራሽ ጨርቅም ይሰፋል። በአንዱ ቧንቧ ትንፋሽ ይገባል። ሦስት ረጃጅም ቧንቧዎች ትከሻ ላይ ጋደም ብለው ያንኑ አንድ ድምፅ ሳያቋርጡ ይዘልቁበታል፤ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ሦስተኛው በአንድ ኦክታቭ ይወፍራል። ዜማው የሚወጣው ከፊት ካለው፣ ቻንተር ከሚሉት ቀዳዳ ያለው ቧንቧ ነው፤ ያለውም ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው። እኔን ያስገረመኝ የድምፁ ማነስ አልነበረም። ይህ መሣሪያ ዕረፍት አያውቅም። ለስለስ አድርጎ መንፋት፣ ጠንከር አድርጎ መንፋት የሚባል ነገር የለውም። ስልቻው እስከተጨመቀ ድረስ ድምፁ ያው ነው። አንድን ድምፅ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ማሰማት ከፈለግህ በመካከሉ በጣትህ ሌላ ድምፅ ብልጭ ማድረግ አለብህ፤ አለዚያ ሁለቱ ተያይዘው አንድ ረጅም ጩኸት ይሆናሉ። ጀማሪ ዜማ ከመያዙ በፊት ወራት ሙሉ እነዚያን ብልጭታዎች ሲያመላልስ የሚከርመው ለዚህ ነው።

ያንንም የሚማረው በባግፓይፑ አይደለም። ስልቻ የሌላት፣ ጠረጴዛ ላይ ተደግፋ የምትነፋ፣ ድምፅዋ ቀጠን ያለ የልምምድ ቻንተር ይሰጠዋል። የእኛ ባንድ የሚለማመደው በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ሲሆን ጀማሪዎቹ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል ይይዛሉ። አስተማሪያቸው ጡረታ የወጣ የመርከብ በያጅ ነው። ጣቶቹ ሥራ ያደነደናቸው ናቸው፤ ቻንተሯ ላይ ሲያርፉ ግን ቅቤ ይሆናሉ። ልጄ አንድ ብልጭታ እየዘገየባት ስትቸገር እጇን ሳይነካ፣ «ጣትሽን አታንሺው፤ የጋለ ብረት እንደነካሽ አስቢና ይሽሽ» ሲላት ሰምቻለሁ። በያጅ ነውና ያወቀውን ነገራት። ኖታውን ከማሳየቱ በፊትም ዜማውን በአፉ ይለዋል፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቃል አለው። ይህ የእሱ ፈጠራ አይደለም። የስኮትላንድ ደጋ ነፊዎች ኖታ ሳይጽፉ ረጃጅም ዜማዎችን ለዘመናት ያስተላለፉት በዚህ ዓይነት ዜማን በቃል የማለት ዘዴ ነው።

ታሪኩን ልብ ብሎ ለተከታተለው መሣሪያው በሰፈር ሰው እጅ በባንድ መልክ የገባው በቅርብ ነው። በስካይ ደሴት፣ ቦረሬግ በሚባል ቦታ የኖሩት ማክሪመኖች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያወረሱ ለደንቬገን ጌቶች፣ ለማክላውዶች የሚነፉ የቤት ባለሙያዎች ነበሩ። ነፊ ያኔ የሚቆመው ብቻውን ነው። በ1746 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የስቱዋርት ንጉሣዊ ቤት ወገኖች አመፅ ከከሸፈ በኋላ፣ ከእነሱ ጋር የተማረከ ጄምስ ሪድ የተባለ ነፊ ዮርክ ከተማ ላይ ተሰቀለ። መሣሪያ አልታጠቅሁም ብሎ ቢከራከር፣ ዳኞቹ ባግፓይፑ ራሱ የጦር መሣሪያ ነው አሉት ይባላል። የሚያስቀው ደግሞ ያው የሰቀለው የብሪታኒያ መንግሥት ብዙም ሳይቆይ ነፊዎቹን ለራሱ ጦር ማሰለፉ ነው። በ1854 ለደጋ ክፍለ ጦሮች አንድ የነፊዎች አለቃ (ፓይፕ ሜጀር) እና አምስት ነፊዎች በይፋ ተፈቀዱ። እነዚህ ከክፍለ ጦሩ ከበሮ መቺዎች ጎን ሲሰለፉ ነው ዛሬ የምናየው ባንድ የተፈጠረው። ጦሩም ውለታውን በደም አስከፈላቸው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብቻ ወደ 500 የሚጠጉ ነፊዎች ወድቀዋል።

ከጦሩ ውጭ ካሉት ቀደምት ባንዶች አንዱ የተመሠረተው እኔ በየቀኑ አውቶቡስ ይዤ በማልፍበት በጎቫን ነው። ጎቫን ያኔ በክላይድ ወንዝ ዳር በመርከብ ሥራ የምትተዳደር ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ ፖሊሶቿ በ1883 ባንድ አቋቋሙ። በ1912 ጎቫን ወደ ግላስጎው ስትጠቃለል ባንዱም የግላስጎው ከተማ ፖሊስ ባንድ ተባለ፤ ቆይቶም በስትራዝክላይድ ፖሊስ ስም ከ1981 እስከ 1986 ስድስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ዋንጫን ጠራርጎ ወሰደ። ፖሊስ ግን ደመወዝተኛ ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ዋላስስቶን ነው፤ ፎልከርክ አጠገብ ያለ የከሰል ቆፋሪዎች መንደር። በ1887 ባንድ አቆመ፤ ባንዱም ዛሬ ድረስ አለ። በ1910 ደግሞ ሾትስና ዳይክሄድ በተባሉ የማዕድን መንደሮች ሌላ ባንድ ተነሣ፤ እሱም የዓለም ሻምፒዮናውን ደጋግሞ ያሸነፈ ስመ ጥር ሆነ። ቀኑን ሙሉ ከመሬት ሥር አቧራ ሲውጥ የዋለ ሰው ማታ ወጥቶ ሳንባውን ለስልቻ መስጠቱ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ለንደን ዳርቻ በዳገንሃም አንድ ቄስ በ1930 ያደረጉት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ከሠራተኛ ሰፈር ልጃገረዶችን ሰብስበው ባግፓይፕ እንዲማሩ አደረጉ። የዳገንሃም ሴት ነፊዎች ተብለው ዓለም ዞሩ። በዚያው ዓመት የስኮትላንድ ፓይፕ ባንዶች ማኅበር ተመሠረተ፤ የዓለም ሻምፒዮናውን በ1947 የጀመረው ይኸው ማኅበር ነው። እንግዲህ ጭቅጭቃችን የመጣው ከዚህ ከ1930 ሁለተኛ ልጅ፣ ከማኅበሩ ውድድር ነው።

የእኔን ያለፈ ሕይወት አስታውሼ ነው ይህን ሁሉ የማብሰለስለው። በአገራችን የማርሽ ባንድ ታሪክ ሲነሣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይጠቀሳሉ። ከዚያ ወዲህ ክቡር ዘበኛው፣ ፖሊሱ፣ ጦሩ ባንድ ነበራቸው፤ ከእነሱም የዘመናዊ ሙዚቃችን አባቶች ወጡ። ደመወዝ ከፋዩ ግን መንግሥት ነበር። እኔ ስሰናበት ክላሪኔቴን ከነሳጥኑ በፊርማ ለንብረት ክፍል አስረክቤ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ማን እንደነፋት አላውቅም። እዚህም መሣሪያ በፊርማ ይመለሳል፤ የምትመለሰው ቻንተር ግን በሳምንቱ ሐሙስ በሌላ ልጅ አፍ ውስጥ ናት። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ይኸው ነው።

የሰፈር ባግፓይፕ ባንድ አደረጃጀቱ የጦር፣ ኑሮው የእድር ነው። ፓይፕ ሜጀር አለው፣ ከበሮ መሪ አለው፣ እርምጃው የሰልፈኛ ነው፤ ከዚያ በታች ግን ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ሒሳብ ሹም፣ ወርሃዊ መዋጮና የንብረት መዝገብ ያለው የጎረቤት ማኅበር ነው። የሰፈር ሰው ሲሞት ይቆማል፤ ሲያገባም ይቆማል። በፈረንጆች ጃንዋሪ 25 ለገጣሚው ለሮበርት በርንስ መታሰቢያ እራት፣ በኅዳር ለጦር ሰማዕታት ቀን፣ በበጋ ለየመንደሩ በዓል እየተጠራ ይነፋል፤ የሚሰጠውን ቁራሽ ገንዘብ ሁሉ ሒሳብ ሹሟ ትይዘዋለች። ገንዘቡ የት ይሄዳል ለሚል፣ ደህና አዲስ ባግፓይፕ ከ1,000 ፓውንድ በላይ ነው። ኪልት የሚሉት ሽንሽን ቀሚስ ብቻውን በመቶዎች ፓውንድ ይቆጠራል። ሪድ የሚሉት፣ ድምፁን የሚፈጥረው የቻንተሩ ምላስ ከሸምበቆ የሚጠረብ ስለሆነ ያልቃል፣ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ሲበዛበት ያኮርፋል። አንድ የጽዳት ሠራተኛ ወላጅ ይህን ለልጁ አይችለውም። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጠው ደግሞ ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ ለትንፋሽ አይሆንም፤ ያን ገዝተው የመጡ ወላጆች ፊት ሲጠቁር አይቻለሁ። ባንዱ ነው የሚያበድረው፤ ልጁ እስኪያድግና እስኪመልስ ድረስ።

ከዚህ ላይ ስለ እንጨቱ ሳልናገር አላልፍም። ጥሩ ባግፓይፕ የሚቀረጸው ከጥቁሩ የአፍሪካ እንጨት ነው። ዋናው ምንጭ ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ናቸው፤ ዛፉ በእኛም አገር ቆላ ይበቅላል። እጅግ ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ውኃ ውስጥ የሚሰጥም ከባድ እንጨት ነው። ድሮ እዚሁ ከሚበቅለው ዛፍ ይሠሩ ነበር፤ የብሪታኒያ ግዛተ አፄ መርከቦች የሩቅ አገር እንጨት ማምጣት ሲጀምሩ ጠራቢዎቹ ወደዚያ ዞሩ። የስኮትላንድ መለያ የተባለው ድምፅ ከእኛው አህጉር ዛፍ ውስጥ እንደሚወጣ ለልጄ ስነግራት፣ «ታዲያ ለምን ትምህርት ቤት ውስጥ ይህ የአንቺ አይደለም ይሉኛል?» አለችኝ። በልምምድ አዳራሹ ውስጥ እንዲህ ያላት ሰው እንዳልነበረ ግን ልመስክር። እዚያ የሚጠይቁት ለምን ሳትለማመድ እንደመጣች ነው።

የስኮትላንድ መንግሥት በ2021 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ መሣሪያ ትምህርት ክፍያ እንዲቀር አድርጓል። ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት አንዳንድ ወረዳዎች ወላጅን ያስከፍሉ ነበር። ሆኖም በየትምህርት ቤቱ ባግፓይፕ የሚያስተምር መምህር የለም። የእኛዎቹ ልጆች ትምህርት ቤት ቫዮሊን አለ፣ ጊታር አለ፣ ባግፓይፕ የለም። ያን ክፍተት የሚሞላው በያጁ ነው፤ ያለ ደመወዝ።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ ልመለስ። ባንዶች ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ይመደባሉ፤ ሦስተኛውና አራተኛው እያንዳንዳቸው ሀ እና ለ እየተባሉ ይከፈላሉ፤ ለወጣቶች ደግሞ የራሳቸው ምድብ አላቸው። በየነሐሴው በግላስጎው ግሪን ሜዳ ላይ ሁሉም ለዓለም ሻምፒዮና ይሰባሰባል። አወዳደራቸውን ያላየ ሰው አያምነውም። ባንዱ እየተራመደ ይገባና ክብ ሠርቶ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙሮ ይቆማል፤ ሕዝቡ የሚያየው ጀርባቸውን ነው። አራት ዳኞች አሉ፤ ሁለቱ ለነፊዎች፣ አንዱ ለከበሮ፣ አንዱ ለጠቅላላው ቅንጅት። ወረቀት ይዘው በክቡ ዙሪያ እየዞሩ ጆሮአቸውን ጣል ያደርጋሉ። አንድ ባግፓይፕ ከሌላው በፀጉር ያህል ካልተስማማ ይሰሙታል። ብዙ ዓመት ጆሮዬን ለቅኝት ያሠለጠንኩ ሰው ነኝና ይህ ጥንቃቄ ያስቀናኛል። በ1987 ከካናዳ ኦንታሪዮ የመጡት ነፊዎች የአንደኛ ደረጃውን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስኮትላንድ ውጭ ካወጡት ወዲህ ደግሞ ፉክክሩ የዓለም ሆኗል፤ የአንደኛ ደረጃ ባንድ ድምፅ ሲነሣ ሰውነትን ይወርራል። ውድድር ጠላቴ አይደለም።

ችግሩ ከታች ነው። አንድ ልጅ ከጠባቧ ክፍል ተነሥቶ በአምስት፣ በስድስት ዓመት ውስጥ ጥሩ ነፊ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከፍ ያለ ደረጃ ያለው ባንድ ይጠራዋል፤ ይሄዳል። ይሂድ፤ ጎበዝ ወጣት ማደግ አለበት። አንድ ባንድ ግን ከእኛ ላይ በአንድ ክረምት ሦስቱን ከወሰደ በኋላ የእኛን አስተማሪ አንድ ቀን እንኳ «እናመሰግናለን» አላለውም። እኛም አሁን በተራችን ያንኑ ከእኛ በታች ባሉት ላይ ልናደርግ ነው የምንመክረው። ኮቪድ የፈጠረው ቀዳዳ አለ፤ በ2020 እና በ2021 ሻምፒዮናው ቀረ፣ አዳራሹ ተዘጋ፣ በአዳራሽ ተሰብስቦ መንፋት ቀረ፣ አዲስ ጀማሪ አልመጣም። ስለዚህ ዛሬ በመካከል የሚሆን ዕድሜ ያላቸው ነፊዎች የሉንም። ይህን ቀዳዳ በውጭ ሰው መድፈን ይቀላል። ሕፃናቱ የሚበስሉት ግን ክቡ ውስጥ ቆመው ሲርዱ ነው፤ ቦታው በእንግዳ ከተያዘ አዳራሽ ውስጥ ሆነው ሲያጨበጭቡ ያድጋሉ፣ ከዚያ ወደ እግር ኳስ ይሄዳሉ።

ባላንጣዎቼ ኢንቨራሪን ይጠቅሱብኛል። ጥሩ ምሳሌ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ኢንቨራሪ በሎክ ፋይን ዳር ያለች፣ ከሰፈራችን በነዋሪ ብዛት የምታንስ ትንሽ ከተማ ናት። ስቱዋርት ሊደል የተባለው ታላቅ ነፊ የአካባቢውን ልጆች እያስተማረ ባንድ አቋቋመ፤ በ2005 ውድድር ሲጀምሩ በጀማሪ ወጣቶች ምድብ ነበሩ፤ በ2017 የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ፣ በ2019 ደገሙት። «ይኸው! ትንሽ ሰፈር ትልቅ ዋንጫ ይወስዳል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ይወስዳል። ግን ከየት እንደጀመሩ ተመልከቱ። መጀመሪያ ልጆቹ ነበሩ፤ ባንዱ ከእነሱ ጋር አደገ። ከውጭ የተጨመሩት የመጡት ቤቱ ከቆመ በኋላ ነው። እናንተ የምትሉኝ ጣሪያውን አስቀድመን እንሥራ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ሰው የሚቀላቀለን ስናሸንፍ ነው ይላል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ባለፈው የሰፈር በዓል ላይ ሁለቱ ከበሮ መቺዎቻችን ምቱን ስተው፣ አንዱም ነፊ ሪዱ ተበላሽቶበት ዝም ብሎ ጣቱን እያንቀሳቀሰ እያስመሰለ አለፈ (ይህ ነፊ ማን እንደሆነ አልናገርም፤ ጎበዝ አስመሳይ ነው)። በሚቀጥለው ሐሙስ በሩ ላይ አዳዲስ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ቆመው ነበር፤ አንዷ የሶማሊያ፣ አንዱ የፖላንድ ልጅ ነው። ማናቸውም ስለ ደረጃችን አልጠየቁም። የጠየቁት ቀሚሱን መቼ እንደሚሰጧቸው ነው።

ጠቅላላ ጉባኤው በሚቀጥለው ወር ነው። ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። ከውጭ የሚመጣ ነፊ ይምጣ፤ ግን እንደ መግቢያ ሐሙስ ማታ በጠባቧ ክፍል አንድ ጀማሪ ይያዝ፣ ቢያንስ እስከ ነሐሴ። ሁለተኛ፣ እዚሁ ተምሮ ዜማዎቹን በቃሉ የያዘ ልጅ በመጪው የውድድር ወቅት ለእንግዳ ሲባል ከክቡ አይወጣ፤ ዳኞቹ ነጥብ ቢቀንሱብንም ይቀንሱ። የመጀመሪያው የሚያልፍ ይመስለኛል። በሁለተኛው ፓይፕ ሜጀራችን ራሱን እየነቀነቀ ነው፤ ጆሮው እንደሚታመም ይገባኛል፣ እኔንም ያመኛል። ሒሳብ ሹማችን ከሁለታችንም ወገን አይደለችም። ያሳሰባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚመጡት ሰዎች የራሳቸውን ኪልት ይዘው ይመጡ እንደሆነ በጽሑፍ እንድጠይቅላት አዝዛኛለች። ደብዳቤውን ነገ እልካለሁ።